አስመስሎ በመድገም ንግግርን ማለማመድ፦ ዳውን ሲንድሮም ላለባቸው ወጣቶች

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ወጣት ንግግሩ ሳይጠራ ሲቀር፣ ነገሩ እንዳልገባው አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው መናገር ከሚችለው ይበልጣል። ዳውን ሲንድሮም የሚፈጠረው 21ኛው ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃን ከሚይዙት አካላት አንዱ) በሁለት ፈንታ በሦስት ቅጂ ሲገኝ ነው፤ በዚህም የተነሳ የከንፈርና የምላስ ጡንቻዎች ይላላሉ፣ የአፍ ውስጥ ይጠብባል፣ በጆሮ ብቻ የተሰማ ቃልም ቶሎ ከአእምሮ ይጠፋል። በዓይን የታየውን ይዞ መልሶ ማድረግ ግን ይቀልለዋል፤ አስመስሎ መድገም የሚመረጠውም ስለዚህ ነው።

አስቀድማችሁ ጆሮውን አስመርምሩ። በመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ መጠራቀሙ በእነዚህ ልጆችና ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ በደንብ ያልሰማውን ድምፅ እንዲደግም መጠየቅ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ከዚያም ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ብዙዎች የሚስቱት የመጀመሪያውን እርምጃ ነው፤ እሱ እኛን እንዲያስመስል ከመጠየቃችን በፊት እኛ እሱን ማስመሰል ይገባናል። ጠረጴዛ ቢመታ ምቱ፤ «እህ» ቢል «እህ» በሉ። መከተላችሁን ሲያስተውል ሆን ብሎ ሌላ ድምፅ ያወጣል፤ ተራ መቀባበሉ ከተለመደ በኋላ አዲሱን ድምፅ እናንተ ታቀርባላችሁ። በከንፈር የሚወጡት «ማ»፣ «ባ» እና «ፓ» ስለሚታዩ ይቀድማሉ፤ ከጉሮሮ አካባቢ የሚወጡት «ካ» እና «ጋ» ግን ለዓይን ስለሚሰወሩ ቆየት ብለው ይምጡ።

ድምፁን አንዴ ካሰማችሁ በኋላ እስከ 10 ሰከንድ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ለአለማማጁ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው፤ ነገር ግን «በል እንጂ» እያሉ መጎትጎት ሊናገር ያሰናዳውን ይበትንበታል። «ኳስ» ለማለት «ኳ» ቢል፣ «አዎ፣ ኳስ» ብላችሁ ሙሉውን አሰሙት እንጂ አታርሙት፤ ቃሉ ሲጸና «ኳስ ስጠኝ» ብላችሁ አንድ ቃል ጨምሩ።

ረጅም ቃል ሲሆን ፊደላችን ራሱ ያግዛል፦ «ጓደኛ» የሚለውን በትልቁ ጻፉና «ጓ»፣ «ደ»፣ «ኛ» እያላችሁ እያንዳንዱን ፊደል በጣት ንኩ፤ ቀጥሎ እሱ እየነካ ይበል።

ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ወጣት በሕፃን ቃላት ማለማመድ ክብሩን ይነካል። ራሱን ማስተዋወቅን፣ ስልክ ማንሳትንና የሚፈልገውን መጠየቅን አለማምዱት፤ በስልክ የተቀረጸ የራሱን ቪዲዮ አይቶ መድገምም ይወድ ይሆናል። ንግግር በጉርምስናና ከዚያም በኋላ ሊሻሻል ስለሚችል «ጊዜው አልፏል» የሚለውን አትቀበሉ። ፊኛና ፊሽካ ማስነፋት ንግግርን እንደሚያጠራ የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ በመሆኑ፣ በየቀኑ ያሏችሁን ጥቂት ደቂቃዎች ለቃሉ ለራሱ ማዋል ይሻላል።

አንዱን ቃል በየጊዜው በተለያየ መንገድ የሚያዛባው ከሆነ፣ ችግሩ ከጡንቻ መላላት ይልቅ የአፍን እንቅስቃሴ ማቀናጀት ካለመቻል ሊመነጭ ስለሚችል፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንዲያየው አድርጉ።