የጀርመን የተማሪ ቪዛ ሲከለከል እኔን ያወጣኝ ሰነድ

የጀርመን የተማሪ ቪዛ ጠይቄ ተከለከልኩ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ የኑሮ ወጪዬ በምን እንደሚሸፈን በበቂ አልተረጋገጠም። ድሬዳዋ ያላችሁ ልጆች እንደኔ ሳምንታት እንዳታባክኑ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚራ ሰፈር ስካን አስደርጌ ላክሁት። አልሠራም። ለካ ጀርመን በኤምባሲ በኩል የሚቀርበውን ቅሬታ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አስቀርታለች። የቀረው በአንድ ወር ውስጥ በርሊን አስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ክስ ጊዜ ይበላል። የእኔ ጉድለት ደግሞ የሰነድ ነበር።

ሃንጋሪንም አሰብኩ። ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የሚባለው የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ የወር ገንዘብም ይሰጣል። ግን የማመልከቻው ጊዜ አልፎኝ ነበር።

የሠራው ይሄ ነው። የኑሮ ወጪን ለማረጋገጥ ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማስቀመጥ ለቤታችን የማይታሰብ ነው። ፍራንክፈርት ያለው አጎቴ ቀድሞ የባንክ ስቴትመንትና በእጁ የጻፈው ደብዳቤ ልኮልኝ ነበር። ያ አይበቃም! የሚፈለገው «ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚባለው፣ ጀርመን ያለ ሰው ወጪህን እሸፍናለሁ ብሎ ግዴታ የሚገባበት ሰነድ ነው። አጎቴ እዚያው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ ያዘ፤ የደመወዝ ወረቀቱን አሳይቶ ፈረመ። ዋናውን በፖስታ አስልኩ እንጂ በፎቶ አትመኑ። ለትምህርት መሆኑ ሰነዱ ላይ መጻፉንም እዩ። ዩኒቨርሲቲው ቅበላዬን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር አዛወረልኝ። ከዚያ እንደ አዲስ አመለከትኩ፤ ቪዛው ተሰጠኝ።