ቄቧን ከአውራው መለየት፦ ለሰሜን ሸዋ የጓሮ ዶሮ አርቢዎች

ጫጩቶች ላባ ማብቀል ሲጀምሩ አርቢው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ስንቱ ቄብ፣ ስንቱ አውራ እንደሆነ ነው። አውራው ለበዓል ገበያ ይቀለባል፣ ቄቧ ለእንቁላል ትቀራለች፤ ሳይለዩ የሸጡ እንደሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ እንቁላል የምትጥለው ዶሮ ከማያውቁት ሰው ጓሮ ትገኛለች።

በመጀመሪያ ከእንቁላሉ መገመትን መተው ያስፈልጋል። ሾጣጣው እንቁላል አውራ፣ ድቡልቡሉ ቄብ ይሆናል የሚባለው መሠረት የለውም፤ በዶሮ ዘንድ ጾታን የሚወስነው ከእናቲቱ የሚመጣው ክሮሞዞም ሲሆን፣ ይህም የሚወሰነው ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት ነው። የጫጩትን መውጫ (ፊንጢጣውን) ገልጦ መለየትም ቢሆን ረጅም ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ያልለመደ እጅ ጫጩቱን ይጎዳዋል።

በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም የሚለዩ ዝርያዎች አሉ። የቦቫንስ ብራውን ሴት ጫጩት ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ከማራቢያ ድርጅት በቀጥታ ለመጡ ጫጩቶች ብቻ ነው፤ እነዚያው ዶሮዎች አድገው በጓሮ ከተራቡ፣ ወይም ከአበሻ ዶሮ ጋር ከተዳቀሉ፣ በልጆቻቸው ላይ ቀለሙ አይታመንም። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር የሆነው፣ ኮኮክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዶሮ ግን ንጹሕ ዝርያ እስከሆነ ድረስ ሲያድግም ይለያል፦ የወንዱ ዝንጉርጉር ነጣ ያለ፣ የሴቷ ጠቆር ያለ ነው።

ለአበሻ ዶሮ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቄቦቹ ብዙውን ጊዜ በጀርባና በጅራት ቶሎ ላባ ይለብሳሉ፣ ወንዶቹ ጀርባቸው ተገልጦ ይቆያል፤ ይህን ለጥርጣሬ መነሻ እንጂ ለውሳኔ መውሰድ አይገባም። ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ አናት ላይ ያለው ሥጋ ይታያል። የወንዱ ሰፋ፣ ወፈር ብሎ ይቀላል፣ ከመንቆሩ ሥር የሚንጠለጠለውም አብሮ ያድጋል፤ የሴቷ ትንሽና ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። በአካባቢያችን ዶሮዎች ላይ የአናቱ ሥጋ እንደ ፈረንጅ ዶሮ ከፍ ያለ ነጠላ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተሰደረ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ከሩቅ ሁሉም ቄብ ይመስላሉ። በዚህ ጊዜ ዶሮውን ይዞ መካከለኛውን ረድፍ ማየት ነው፤ ወንድ ከሆነ ከሁለቱ ጎን ረድፎች ይልቅ ጎልቶ ወፍሮ ቀልቶ ይገኛል። ጉትያ ለሆነው፣ ማለትም አናቱ ላይ የላባ ቁንጮ ላለው ዶሮ የጉትያው ላባ ጫፍ ይረዳል፦ የወንዱ ሾጣጣ፣ የሴቷ ክብ ነው።

የአናቱ ሥጋ ግን አሳሳች ነው። መቅላቱ የወንድ ሆርሞን ውጤት ቢሆንም፣ የመኖ እጥረት፣ በሽታና የደጋው ብርድ እድገቱን ያዘገዩታል፤ ስለዚህ በመንዝ ወይም በአንኮበር የሚያድግ አውራ በሸዋ ሮቢት ቆላ ካለው እኩያው ዘግይቶ ሊቀላ ይችላል። በተቃራኒው ቄቧ እንቁላል ልትጥል ስትቃረብ አናቷ ደም መስሎ ይቀላል፤ ይህን አይቶ «አውራ ነበር» ብሎ ቄብን ለገበያ ማቅረብ የተለመደ ኪሳራ ነው።

በእኔ ፍርድ ከሁሉ የሚታመነው የላባው ቅርጽ ነው። ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ዶሮውን በጠዋት ፀሐይ ይዞ፣ ከጅራቱ ሥር በወገቡ ግራና ቀኝ የሚወርደውን ላባ መመልከት ያስፈልጋል። የሴቷ ላባ ጫፉ እንደ ጥፍር ክብ ነው፣ ዳርቻውም የተሟላ ነው። የወንዱ ግን ቀጭን፣ ረጅምና ሾጣጣ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ክሮቹ ተበታትነው የሚያብረቀርቁ ናቸው። አንዱን ላባ ነቅሎ በነጭ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ልዩነቱን ይበልጥ ያሳያል። ይህ ምልክት የሚታመንበት ምክንያት አለው፦ ክቡን ላባ የሚሠራው ከሴቷ እንቁልጢ (እንቁላል ከሚሠራበት የውስጥ አካሏ) የሚወጣው የሴት ሆርሞን ነው፣ ሆርሞኑ ከሌለ ላባው በራሱ ወደ አውራነት ይሄዳል፤ በመሆኑም መኖና ብርድ እንደ አናቱ ሥጋ አያለዋውጡትም። የአንገቱ ላባም ተመሳሳይ ነው።

ቀለምም ይረዳል። ገብስማ ወይም ወሰራ በሆነ ዶሮ ትከሻ ላይ ያልተጠበቀ ጠቆር ያለ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ አውራ ነው ማለት ይቻላል፤ የቄቧ ቀለም በሰውነቷ ላይ እኩል የተሰራጨ ነውና። መጮህ ከጀመረ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ምንም እንኳ አንዳንዱ አውራ እስከ አራተኛው ወር ዝም ቢልም። መደባደብን ግን ምስክር አታድርጉት፤ ቄቦችም ደረት ለደረት ይገጥማሉ። የእግር ውፍረትም የሚረዳው በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን እርስ በርስ ለማነጻጸር ብቻ ነው።

የለያችኋቸውን ወዲያውኑ ምልክት ማድረግ ይበጃል። ቀይ ክር ለአውራው፣ ነጭ ክር ለቄቧ በቁርጭምጭሚቷ ላይ ላላ አድርጎ ማሰር፣ እግሩ ሲወፍርም በየሳምንቱ ማላላት ያስፈልጋል፤ የጠበበ ክር ሥጋ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ የወገቡን ላባ እንደገና አይታችሁ ክሩን አስተካክሉ፤ ሁለቱም ፍተሻ ከተስማሙ አውራዎቹን ለይታችሁ መቀለብ ጀምሩ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ቄብ ገደማ አንድ አውራ አስቀርታችሁ።