የዓድዋን መታሰቢያ በውጭ ሀገር አጥቢያ እንዴት እናክብር?

የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ መታሰቢያ ከመሆኑም በላይ የቅዱሱ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር ስለዘመተ፣ ድሉን በቤተ ክርስቲያን ማሰብ ከውጭ የመጣ ልማድ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ በውጭ ሀገር በአንድ አጥቢያ የሚሰበሰቡ ምእመናን ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ናቸውና ዝግጅቱ በጥንቃቄ ካልተያዘ እንዲያቀራርብ የታሰበው ቀን ሊያራርቅ ይችላል። የሚከተለው ምክር ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ይጠቅማል።

የካቲት 23 በዘመናችን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 2 ላይ ይውላል። የሥራ ቀን ከሆነ መርሐ ግብሩን ወደሚቀጥለው እሑድ ማዛወር ይቻላል። ዐቢይ ጾም የሚጀምርበት ቀን ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ስለዚህ በዓሉ በአብዛኛው ጾም ላይ ይወድቃል። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይሰሙ መዘምራኑ ያለ ከበሮ የሚቀርቡ መዝሙሮችን አስቀድመው ሊያጠኑ ይገባል። ልምምዱን ከጥምቀት ማግሥት መጀመር መጨረሻ ላይ ከሚመጣው ጥድፊያ ያድናል።

ቀጥሎ የሚወሰነው በመቅደስ የሚሆነውና በአዳራሽ የሚሆነው ምን እንደሆነ ነው። ቅዳሴው፣ ስብከቱና ለወደቁት የሚደረገው የመታሰቢያ ጸሎት በመቅደስ፣ በካህናቱ ኃላፊነት ይፈጸማል፤ ታሪክ፣ ግጥም፣ ሽለላና ቀረርቶ ደግሞ ወደ አዳራሹ ይሄዳሉ። ሽለላ ለመስማት የሚናፍቅ ብዙ አዛውንት ስላለ ጨርሶ ማስቀረቱን አልደግፍም፤ ነገር ግን አቅራቢው ግጥሙን ቀድሞ ለኮሚቴው ያሰማ፣ የዘመኑን ፖለቲካም አያስገባበት። የሰንደቅ ዓላማው ጉዳይ፣ ማለትም ዓርማ ያለበት ይሁን የሌለበት የሚለው ክርክር፣ ከበዓሉ ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ በሰበካ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ሊያዝ ይገባዋል። በዕለቱ በር ላይ የሚነሣ ክርክር ዳኛ አይኖረውም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሚነበበው ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ያሳወጁት የክተት አዋጅ፣ ሕዝቡ ስለ ሀገሩና ስለ ሃይማኖቱ ወረኢሉ ላይ እንዲከት የጠራበት፣ ድምፁ ጎላ ባለ አዛውንት ቢነበብ መልካም መክፈቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ትረካው በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ብቻ እንዳይቆም ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ ምሽግ የጠላትን ውኃ ለመቁረጥ ያቀረቡት ምክር፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የሐረሩ ራስ መኮንን፣ ከትግራይ ራስ መንገሻ ዮሐንስና ራስ አሉላ፣ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ የዋጉ ዋግሹም ጓንጉል፣ በጦር ሜዳው የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ፣ በመድፈኛነት ስማቸው የገነነው ባልቻ ሳፎ፣ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዙት ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ፣ ሁሉም በየተራ ሊነሡ ይገባል። በሠራዊቱ ውስጥ ሙስሊሞች መዝመታቸውም በግልጽ ይነገር፤ የቤተ ክርስቲያን በዓል መሆኑ ይህንን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

አንባቢው ሁለት ነገሮችን በእርጋታ ሊይዝ ይገባል። አንደኛው፣ ከዓድዋ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ እንደተደረገው ባሉ ዘመቻዎች ቤተሰቦቻቸው የተጎዱ ምእመናን በመካከላችን መኖራቸው ነው። ይህንን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አምኖ መጥቀስ፣ ያ ወገን በድሉ ውስጥ የራሱን ቦታ እንዲያይ ይረዳዋል፤ ዝም ማለት ግን ከአዳራሹ ያስወጣዋል። ሁለተኛው፣ በጣሊያን በኩል በአስካሪነት፣ ማለትም በቅኝ ግዛት ወታደርነት፣ የተሰለፉ ሰዎች የልጅ ልጆች አብረውን ሊቆሙ ስለሚችሉ «ባንዳ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ ቢወጣ፣ ጸሎቱም በሁለቱም ወገን የወደቁትን ቢያስብ ይመረጣል።

ልጆችን በተመለከተ የተለመደው የየብሔረሰቡን ልብስ አልብሶ ማሰለፍ ነው። ያምራል፤ ብቻውን ግን ከፎቶግራፍ ያለፈ ነገር አይተውም። የተሻለው እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹ ከተወለዱበት አካባቢ ማን እንደዘመተ አያቶቹን በስልክ ጠይቆ የሰማውን በአጭሩ እንዲናገር ማድረግ ነው። አማርኛ የሚከብደው ልጅ በሚቀናው ቋንቋ ይናገርና ሌላው ይተርጉምለት። ከአያቶቹ የተቀዳው ድምፅ በፈቃዳቸው በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ ለሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት ይሆናል።

ማዕዱ የጾም ነው። ከሽሮ፣ ከምስር ወጥ፣ ከጎመንና ከሱፍ ፍትፍት ጎን ለጎን የዘመቻ ስንቅ ይሆኑ የነበሩትን በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ ሠራዊቱ ምን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ እንደተጓዘ ለልጆቹ ያሳያል። ዳቦ ቆሎው ቅቤ ሳይሆን ዘይት የገባበት መሆኑን ከጋጋሪዎቹ ማረጋገጥ አይዘንጋ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት ግን በየአጥቢያው አላለቀምና ከማዕዱ ቢቀር ይሻላል።