የአንድ ትንሽ ባንድ ታሪክ እንዴት ይጻፋል

የአንድን ትንሽ ባንድ ታሪክ ለመጻፍ የምትነሡ ወዳጆቼ፣ ከሰው በፊት ዕቃውን ያዙ። አባቴ ደሴ ላይ ካሴት ሲሸጥ ኖሯል፤ እኔም ከእሱ የተረፉትን እያጸዳሁ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ዘፋኙ ራሱ የረሳውን የካሴቱ ሽፋን ወረቀት ይዞት ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የዚህ ነገር ምርጥ ምሳሌ ያለው ከወሎ በጣም ርቆ ነው። ዴስፐሬት ባይስክልስ የሚባል፣ ፐንክ የተባለውን ፈጣንና ሻካራ የሮክ ሙዚቃ የሚጫወት የለንደን ባንድ ነበር። የፐንክን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሴክስ ፒስትልስንና ክላሽን አንሥተው ሲያበቁ እሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ባንዱ በማርች 1977 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ሸክላ ቀድቶ በራሱ ስም ማሳተም። ዳልስተን በሚባለው ሰፈር አንድ ስቱዲዮ ለሦስት ሰዓት ተከራዩ፣ ጥቂት ተለማምደው ሁለት ዘፈን ቀዱ፣ ሪፊል ብለው በሰየሙት የራሳቸው አሳታሚ አወጡት። ጠቅላላ ወጪው 153 ፓውንድ ነበር።

ይህ ሁሉ የተጻፈው በሁለተኛው ሸክላቸው ሽፋን ላይ ነው። ወሩን፣ ሰፈሩን፣ ሰዓቱንና ገንዘቡን በጥቂት መስመር አስቀመጡና አንባቢውን መልሰው ጠየቁት፤ እናንተስ ሸክላችሁን እስካሁን ለምን አላወጣችሁም? እኔ ይህን ሽፋን በጣም እወደዋለሁ። ታላላቅ ባንዶች ብዙ ተጽፎላቸው እንኳ የመጀመሪያ ቅጂያቸው ስንት እንደፈጀ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ደግሞም ዘፈኖቹን በኮምፒውተር ብቻ የሰማ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ሸክላ በሁለቱም ገጹ የያዘው እነዚያኑ ሁለት ዘፈኖች ነው። ይህን ለማወቅ ሸክላውን በእጅ ይዞ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

እንግዲህ እጃችሁ የገባው ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ የተገኘ፣ የአንድ ያልታወቀ የኪነት ቡድን ካሴት ነው እንበል። ወደ ቴፕ ለመክተት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወረቀቱን አውጥታችሁ ዘርጉትና ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሡ። የሱቅ ማኅተም፣ በእስክሪፕቶ የተጻፈ ዋጋ፣ የስጦታ ቃል፣ የአከፋፋይ ስልክ ሁሉ ይጠቅማል። ስልኩን ልብ በሉልኝ። የአገራችን የመደበኛ ስልክ ቁጥር በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተለውጧል፤ ከዚያ በፊት ስድስት አኃዝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የታተመው ስድስት አኃዝ ከሆነ ያ ወረቀት ከለውጡ በፊት ተዘጋጅቷል ብላችሁ መነሣት ትችላላችሁ። ዓመት የሚባል ነገር ባልተጻፈበት ካሴት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ክሩን እዩ። የጦሳ ጉም በሚወርድበት ከተማ ካሴት ይሻግታል፤ በካሴቱ መስኮት በኩል ነጭ ነገር ከታያችሁ አታጫውቱት፣ ቴፑንም ሌሎች ካሴቶችንም ይበክላል። ንጹሕ ከሆነ ከክሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ የጨርቅ ትራስ አለመውደቋን አረጋግጡ፤ እሷ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ አጽዱ። ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱና ሁለቱንም ገጽ ሳትቆርጡ ቅዱ። በመግቢያው ላይ የሚሰማውን የሱቅ ማስታወቂያ ቆርጠው የሚጥሉ ሰዎች ያናድዱኛል፤ የባንዱ ስም በትክክል የሚጠራው አንዳንዴ እዚያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ መሄድ ይቻላል። ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋሼም በሉ እትዬ፣ ሼህም በሉ ሐጂ፣ እንደ ማዕረጋቸው ጥሩ። ቡናው ሳይፈላ ጥያቄ አታውጡ። ስትጠይቁ ደግሞ «ሙዚቃ ለእርስዎ ምንድን ነው?» አትበሉ፤ መልሱ ያማረ ይሆናል፣ ታሪክ ግን አይወጣውም። ገንዘቡን ጠይቁ። ኦርጉኑ የማን ነበር? የሠርጉ ክፍያ ለስንት ተካፈለ? ወደ ባቲ የሄዳችሁት በምን መኪና ነው? በገንዘብ ጥያቄ ውስጥ ስም ይወጣል፣ ጠብ ይወጣል፣ ቀን ይወጣል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚለውም እምብዛም አይሠራም። ከ66ቱ አብዮት በፊት ነው በኋላ? ከ77ቱ ድርቅስ? ደርግ ሲወድቅ ባንዱ ነበረ? እያላችሁ አጥብቡት። የውጭ አገር ቀን ሲያጋጥማችሁም ወሩን እንዳለ አትገልብጡት። ባይስክልስ የተቋቋመበት ማርች 1977 በእኛ ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ቀን 1969 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው፤ «መጋቢት 1977» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን ስምንት ዓመት ወደፊት፣ ድርቁ ዓመት ውስጥ ይከተዋል።

ስለ ዜማ አንድ ነገር ልጨምር። በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት የተዘፈነን ነገር «እኔ ነኝ የደረስኩት» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሌላ ካሴት ላይ ያው ዜማ በሌላ ሰው ስም ይገኛል። ዳኛ አትሁኑ። «እገሌ የእኔ ነው ይላሉ፤ ካሴቱ ላይ ግን የሕዝብ ይላል» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ ተቀባዮቹ ነው። ወረቀቱ ላይ የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የማሲንቆና የክራር ተጫዋቾቹ ስም በትንሹ ይጻፋል፤ የሚቀበሉት ሴቶች ግን ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይጠቀሱም። ካሴቱን ክፈቱላቸውና ድምፁ ሲመጣ አቁማችሁ «ይቺኛዋ ማን ናት?» በሉ። የአባቷንም ስም፣ የመጣችበትንም ቀበሌ ጠይቁ። በሕይወት ካለች ቀጣዩ ቡና እሷ ቤት ነው፤ ስሟ ከመውጣቱ በፊትም ፈቃዷን ጠይቁ።

ሲያልቅ ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ እናንተ ጋር፣ አንዱ ከከተማው ውጭ የሚኖር ዘመድ ጋር፣ አንዱ የባንዱ ቤተሰብ ጋር። የወረቀቱ ፎቶ ከድምፁ አይለይ። ካሴቱንም ለባለቤቱ መልሱ።