ራስን ዝቅ ማድረግ ሲባል፦ በቫይሽናቫዎች መንገድ ላይ የምንስታቸው ነገሮች

ቪሽኑን ወይም ክሪሽናን የሚያመልኩት የሕንድ ቫይሽናቫዎች፣ መንፈሳዊ ዕውቀት የሚገኘው በትሕትናና ራስን ለአምላክ በመስጠት ነው ይላሉ። ይህን ስንሰማ ቶሎ የምንስታቸው ነገሮች አሉ።

ዋናው ስህተት «ራስህን ስጥ» ማለትን «አትጠይቅ» አድርጎ መረዳት ነው። ክሪሽና ከጦረኛው አርጁና ጋር የተነጋገረበት ቅዱስ መጽሐፋቸው ብሃጋቫድ ጊታ፣ በ4፥34 ላይ ዕውቀት ፈላጊው ሦስት ነገር ይዞ ወደ መምህሩ እንዲሄድ ይመክራል፦ መስገድ፣ መጠየቅ፣ ማገልገል። ጥያቄው ከስግደቱ ቀጥሎ ነው የተቀመጠው። አርጁናን እዩት፤ ሠረገላውን የሚነዳለት ራሱ ክሪሽና ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ቀስቱን ጥሎ ሠረገላው ላይ ቁጭ አለ። ግራ ገብቶታል። ከዚያ ክሪሽናን «ደቀ መዝሙርህ ነኝ፤ አስተምረኝ» አለው። ግን ዝም አላለም። ደጋግሞ ይጠይቃል፤ መልሱ ሲጋጭበትም «ቁርጡን ንገረኝ» ይላል። መጨረሻ ላይ ክሪሽና ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ? «በደንብ አስብበትና እንደፈለግህ አድርግ» (18፥63)። እኔ ይህችን መስመር ባነበብኳት ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሁለተኛው፣ ትሕትናን ራስን ከመናቅ ጋር ማምታታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1486 ቤንጋል ውስጥ የተወለደው የቫይሽናቫዎች መምህር ቻይታንያ፣ የአምላክን ስም የሚጠራ ሰው ከሣር ዝቅ ይበል፣ እንደ ዛፍ ይታገሥ፣ ክብርን ለራሱ ሳይሻ ለሌላው ይስጥ ብሏል። ይህን ያለው በናባድዊፕ ከተማ በሊቅነቱ የታወቀ፣ ተማሪ ያስተማረ ሰው ነው። ዕውቀቱን አልጣለም፤ የጣለው በዕውቀቱ መኩራቱን ነው። «እኔ የማልረባ ነኝ» እያሉ መዋል ግን አሁንም ስለ ራስ ማውራት ነው።

እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ራስን መስጠት አይደለም። አርጁና ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ ተነሥቶ ቀስቱን ነው ያነሣው።

ሌላው ደግሞ በልፋት የተገኘውን ዕውቀት የግል ሀብት ማድረግ ነው። በደቡብ ሕንድ የሚተረክ ታሪክ አለ። የቫይሽናቫዎች ታላቅ መምህር የሚባለው ራማኑጃ አንድ ምሥጢራዊ ጸሎት ለመማር ወደ መምህሩ ዘንድ 18 ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ «ለማንም እንዳትነግር» ተብሎ ተሰጠው። እሱ ግን የቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ጮክ ብሎ ተናገረው። መምህሩ ተቆጥቶ «ገሃነም እንደምትገባ አታውቅም?» ቢለው፣ «እኔ ብገባም እነሱ ይዳኑ» ሲል መለሰ። መምህሩም አቀፈው ይባላል።