ለልጅ ብላችሁ አዩርቬዳ ስትጀምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

እኔና ባለቤቴ ልጅ ፈልገን ከሦስት ዓመት በላይ ጠብቀናል። ያኔ የምንኖረው ሻርጃ ነበር። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ከኬራላ የመጡ ሕንዶች ናቸው፣ እነሱ ዘንድ አዩርቬዳ የሚሉት ጥንታዊ የሕንዶች ባህላዊ ሕክምና እንደኛ ዳማከሴና ጤና አዳም የቤት ነገር ነው። አንዷ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ብዙ ጥሩ ነገር ተማርኩ፣ ብዙም ተሳሳትኩ። አንዳንዱ ስህተት ያስከፈለኝ ገንዘብ ብቻ ነው። አንዱ ግን ዓመት ተኩል በላብኝ። ዛሬ እህቶች እየደወሉ «ያ የሕንድ መድኃኒት ይሠራል ወይ?» ሲሉኝ በአንድ ቃል መመለስ ያቅተኛል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ከስህተቶቹ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሱሽሩታ ሳምሂታ የሚባለው የሕንዶች ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ፅንስ እንዲያዝ አራት ነገር መገናኘት አለበት ይላል። ወቅት፣ መሬት፣ ውሃ እና ዘር። ገበሬ የሆነ አባት ያለው ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ወቅቱ ሴቷ የምትፀንስበት ጊዜ ነው። መሬቱ ማህፀን ነው። ውሃው ሰውነትን የሚመግበው ነው። ዘሩ ደግሞ የሁለቱም ነው፣ የእሷም የእሱም። እኔ የሠራኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአራቱ አንዱን በመርሳት የመጡ ናቸው።

ሴቷን ብቻ ማከም

ዓመት ተኩሌን የበላው ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አካሚዋ አጠገቧ አስቀምጣኝ ሦስት ጣቶቿን የእጄ አንጓ ላይ አሳረፈች። ሌባ ጣቷ ቫታን፣ የመሃሉ ፒታን፣ የቀለበት ጣቷ ካፋን ይሰማል ብላ አስረዳችኝ። እነዚህ ሦስቱ አዩርቬዳ ሰውነትን የሚያይባቸው ጠባዮች ናቸው። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ምላሴን አየች። እንቅልፌን፣ ሆዴን፣ የሚርበኝን ሰዓት፣ የወር አበባዬን ቀለም ሳይቀር ጠየቀች። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ሰጥቶ የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም፣ እውነቴን ነው ዕንባዬ መጣ። አንድ ነገር ብቻ አልጠየቀችኝም። ባለቤቴን።

እኔም አላነሳሁም። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው፣ እኔም ራሴ ላይ ቀስሬ ነበር። ለዓመት ተኩል ዱቄቱን በሞቀ ወተት ጠጣሁ፣ ዘይቱን ተቀባሁ፣ ምግቡን አስተካከልኩ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄደን ባለቤቴ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ሲያደርግ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ቫሪኮሴል ነበር፣ የዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ ማለት ነው። ልጅ ለዘገየባቸው ወንዶች እጅግ የተለመደ ችግር ነው፣ በቀዶ ሕክምናም ይስተካከላል። ምርመራው ራሱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ የጠጣሁት ዱቄት ሁሉ የእሱን የደም ሥር ምን ሊያደርገው ይችል ነበር?

መካንነት ከሚያጋጥማቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ አለበት። አዩርቬዳም ይህን አይክድም። ከስምንቱ ዋና ክፍሎቹ አንዱ ቫጂካራና የሚባለው ነው፣ እሱ በአብዛኛው ስለ ወንድ ዘር ነው የሚያወራው። ስለዚህ አካሚያችሁ ባልሽ የት አለ ካላለች እናንተ አንሱት።

ስም የሌለውን ዱቄት መጠጣት

የመጀመሪያው ዱቄቴ ግልጽ ፌስታል ውስጥ ነበር። ቡናማ፣ አፉ በላስቲክ የታሰረ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት፣ ማታ» ብቻ የተጻፈበት። ምን እንዳለበት ስጠይቅ «የማህፀን ነው» ተባልኩ። ጠጣሁት። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

የሚዘገንነኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በአዩርቬዳ ውስጥ ራሳ ሻስትራ የሚባል ዘርፍ አለ፣ ሜርኩሪ፣ እርሳስና ሌሎች ብረታ ብረቶችን አቃጥሎና አጣርቶ ሆን ብሎ መድኃኒት ውስጥ ያስገባል። ዱቄቱ ባስማ ይባላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ ከአምስቱ በአንዱ ያህል ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በ2011 እና 2012 ስድስት ነፍሰ ጡሮች ከሕንድ የመጣ የአዩርቬዳ መድኃኒት ወስደው ደማቸው ውስጥ እርሳስ በዝቶ ተገኝቷል። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ስትፀንሱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ አንጎሉንም ይጎዳል። ልጅ ለማግኘት የጠጣችሁት ነገር ያንኑ ልጅ ሲጎዳ አስቡት።

ስለዚህ ያልታሸገ፣ የአምራቹ ስምና የተመረተበት ቀን የሌለው፣ ውስጡ ያለው ያልተጻፈበት ነገር አትጠጡ። ባስማ የሚል ቃል ካያችሁ ተዉት። ቀደም ብላችሁ ጠጥታችሁ ከሆነም ለሐኪም ነግራችሁ የእርሳስ መጠን በደም ምርመራ ማሳየት ትችላላችሁ።

«ተክል ነው፣ ምን ያደርጋል» ማለት

አሽዋጋንዳ ዛሬ በየፋርማሲው አለ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ተክሉ አገራችንም ይበቅላል፣ ስሙ ግዛዋ ነው። አያቶቻችን ለጭስ ይጠቀሙበት ነበር። ለወንዶች ዘር ይጠቅማል የሚባለው ወሬ መነሻ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የዘር ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ 46 ወንዶች ላይ ለ90 ቀን የተደረገ ጥናት የወሰዱት ላይ መሻሻል አሳይቷል። ግን 46 ሰው ነው። ተስፋ ይሰጣል፣ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሕክምና መተው ግን አይቻልም። አዩርቬዳ የወለዱ ጥንዶችን ቁጥር ይጨምራል ብሎ ያረጋገጠ ትልቅ ጥናት የለም፣ ያረጋግጣል የሚላችሁ ሰው እየሸጠላችሁ ነው።

አሽዋጋንዳ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም ተመዝግበዋል፣ እርጉዝ ሴት ደግሞ መውሰድ የለባትም። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ልጅ የሚሞክር ሰው በየወሩ ሁለት ሳምንት ያህል እርጉዝ ትሁን አትሁን አታውቅም። እኔ ብሆን ለሴት ያለ ሐኪም እውቅና አልመክርም።

ሻታቫሪም እንዲሁ ነው። ለሴቶች የሚሰጥ ሥር ነው፣ የእሱ ዘመድ የሆነ ተክል እኛ ጋ የሴት ቀስት ይባላል። ዘመድ ነው ማለት ግን አንድ ነው ማለት አይደለም። ከጓሮ ነቅላችሁ እንዳትቀቅሉ አደራ።

በየወሩ «ማህፀን ማጠብ»

አዩርቬዳ ውስጥ ፓንቻካርማ የሚባል የማንጻት ሥርዓት አለ። ማስመለስ፣ በመድኃኒት ማስቀመጥ፣ በፊንጢጣ የሚሰጥ ዘይት፣ የአፍንጫ ጠብታና ደም ማስወጣት። ኮሶ ለጠጣ ወላጅ ልጅ ይሄ አዲስ አይደለም። በሥርዓቱ ከሆነ የሚደረገው ልጅ መሞከር ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ከዚያ በኋላ ሰውነት የሚጠገንበት ጊዜ ይሰጠዋል። ስህተቱ እየሞከሩ መታጠብ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ በየወሩ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየወሰደች አምስት ኪሎ ቀነሰች፣ የወር አበባዋም ተዛባ። ሰውነት ሲራብና ሲደርቅ እንቁላል መልቀቁን ሊያቆም ይችላል። ውሃ በሌለበት መሬት ዘር መዝራት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ኡታራ ባስቲን ነው። የተዘጋ የማህፀን ቱቦ ይከፍታል ተብሎ ዘይት በቀጥታ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና ነው። ንጽሕናው ትንሽ ከተጓደለ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ቱቦ የሚዘጋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኢንፌክሽን ነው። ቱቦ ተዘግቶ እንደሆነ የሚታወቀው በምስል ምርመራ ነው፣ በልብ ትርታ አይደለም።

ሌሊት መቁጠር

ጥንታዊዎቹ መጻሕፍት ለመፀነስ የሚመቹት የወር አበባ ከጀመረ በኋላ ያሉ 12 ወይም 16 ሌሊቶች ናቸው ይላሉ። ዑደቷ 28 ቀን ለሆነች ሴት ብዙም አይርቅም። እንቁላል የሚለቀቀው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነውና የ35 ቀን ዑደት ያላት ሴት እንቁላሏ የሚለቀቀው 21ኛው ቀን አካባቢ ነው። እሷ 16 ቆጥራ ካቆመች ወቅቱ ሳይደርስ ትታዋለች ማለት ነው። የወንድ ዘር እስከ አምስት ቀን ይቆያል፣ እንቁላል ግን ከአንድ ቀን አያልፍም። ከመለቀቁ በፊት ያሉትን አምስት ስድስት ቀናት ያዙ፣ በየሁለት ቀኑ ብትገናኙ ይበቃል።

በጥንድ ቁጥር ሌሊት ወንድ፣ በነጠላ ሴት የሚለውንም ተዉት። ፆታን የሚወስነው የአባት ዘር ነው።

የሕንድን ማድቤት መገልበጥ

እኔ «ጊ» እያልኩ በውድ ዋጋ የጣሳ ቅቤ ስገዛ እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችው ንጥር ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ያው እኮ ነው! ሌላው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ፣ የቻራካ፣ ለመፀነስ ዝግጅት ለወንዱ ወተትና ቅቤ፣ ለሴቷ የሰሊጥ ዘይትና ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ይላል። ሰሊጥ የሁመራ ነው። ኪቻሪ ለሚሉት ገንፎ የሚሆነው ማሾ በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላ ይበቅላል። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ ቤታችሁ አለ።

ከምግቡ ይልቅ እኔን የጠቀመኝ ሰዓቱ ነው። ከባዱን ምግብ ምሳ ላይ መብላት፣ እራትን ቀለል አድርጎ በጊዜ መጨረስ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ መተኛት። ቅዳሜ ጠዋት የሰሊጥ ዘይቱን ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ብርጭቆውን የፈላ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቆመዋለሁ። ለብ ሲል ከእግሬ ጣት ጀምሬ እሻለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እታጠባለሁ። ልጅ አስገኘልኝ አልልም። እንቅልፌን ግን መልሶልኛል።

ለወንዶች አንድ ማስጠንቀቂያ። እንፋሎትና ሳውና የዘር ፍሬን ያሞቃሉ፣ ዘር ደግሞ የሚመረተው ከተቀረው ሰውነት ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ነው። አንድ ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሲጋራም ሆነ ሙቀት ዛሬ ብትተዉ ውጤቱን ከሦስት ወር በኋላ ነው የምታዩት፣ በሁለት ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ።

«ስለምትጨነቂ ነው» ማለት

ቻራካ ለመፀነስ ከሁሉ የሚበልጠው የልብ ደስታ ነው ይላል። ቆንጆ ቃል ነው። ግን ይሄ ቃል አማት አፍ ውስጥ፣ ጓደኛ አፍ ውስጥ፣ አንዳንዴም አካሚ አፍ ውስጥ ሲገባ ዱላ ይሆናል። «አንቺ እኮ ቀልብሽ አይረጋም፣ ለዚህ ነው ያልያዝሽው።» እኔ ይሄን ሰምቼ መጨነቄ ራሱ ያስጨንቀኝ ጀመር። የተዘጋ ቱቦ በደስታ አይከፈትም። ፒሲኦኤስ (እንቁላል መልቀቅን የሚያውክ የሆርሞን መዛባት)፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ማደግ)፣ የታይሮይድ ችግር የሐሳብ ውጤት አይደሉም። እርጋታችሁን ለራሳችሁ ብላችሁ ፈልጉት፣ በዮጋም ሆነ በጸሎት። ዕዳ አታድርጉት። ልጅ ለሚጠብቅ ሰው የምትናገሩ ደግሞ እባካችሁ ይህን ቃል ተዉት።

ጊዜውን መርሳት

ከ35 ዓመት በታች ከሆናችሁ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ከ35 በላይ ከሆናችሁ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። 40 ካለፈ ወይም የወር አበባ የሚጠፋ ከሆነ ምንም አትጠብቁ። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩት፣ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ እንዳይቆጣኝ ብዬ ደብቄ ነበር። ስነግረው አልተቆጣም፣ ፌስታሉን ከፍቶ አሽትቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ የምትጀምሩት አንድ ነገር ካለ ፎሊክ አሲድ ይሁን፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር በፊት። የፅንሱ የአከርካሪና የአንጎል መሠረት የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ምርመራው ሁለት መስመር ያሳየ ቀን ደግሞ የአዩርቬዳውን ዱቄትም ክኒንም አቁሙና ለሐኪማችሁ ደውሉ። ፎሊክ አሲዱ ይቀጥላል። የሰሊጥ ዘይቱን ለእግራችሁ አቆዩት፣ በስምንተኛው ወር ሲያብጥ ባላችሁ ያሽላችኋል።