እግር ሲጎተት፣ እጅ ሲሰጥ፦ የሚምታቱ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ችግርና መፍትሄ

አብዛኞቻችን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተማርነው በዝርዝር ነው። በግራ ፈሊጡ፣ በቀኝ ፍቺው። ሸምድደን ፈተና ገባን፣ ወጣን፣ ረሳን። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ የያዘ ልጅ፣ ከውጭ አገር አለቃ ጋር መዋል ሲጀምር ዝርዝሩ ይደበላለቅበታል። እጅ ያለበት ፈሊጥ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። እግር ያለበትም እንደዚያው። በብዛት የማያቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ ሲቀልዱባችሁ ሰነፍ የተባላችሁ ይመስላችኋል

አለቃችሁ እየሳቀ «አይም ፑሊንግ ዩር ሌግ» ቢላችሁ ቅር ይላችኋል። እግር መጎተት የሚለው ትዝ ይላችሁና ሥራ ላይ ተንቀራፈፋችሁ የተባላችሁ ይመስላችኋል።

ምክንያቱ ያለው እኛው ቋንቋ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን «ሌግ»፣ ከዚያ በታች ያለውን «ፉት» (ሲበዛ «ፊት») ይለዋል። ለእኛ ሁሉም እግር ነው። «ፑል»ም ሆነ «ድራግ» ወደ አማርኛ ሲመጡ ያው መጎተት ናቸው። ስለዚህ «ፑል ሳምዋንስ ሌግ» እና «ድራግ ዩር ፊት» ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ሆነው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ግን የሌለ ነገር አውርቶ በሰው መቀለድ ነው። ሁለተኛው ነገርን ሆን ብሎ ማጓተት ነው።

መፍትሄው «የማን እግር ነው የሚጎተተው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሌላ ሰው ከሆነ ቀልድ ነው፤ አብራችሁ ሳቁ። የራስ ከሆነ ማጓተት ነው፤ ያኔ ብትቀየሙም ያምርባችኋል።

እግር ላይ እያለን፣ «ብሬክ ኤ ሌግ» እርግማን አይደለም። መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው «ይቅናህ» እንደማለት ነው። የኪነት አገር በሆነችው ደሴ ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ መኖር የለበትም። «አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» ያወጣል የተባለ ዕቃ ደግሞ ዋጋው የማይቀመስ ነው።

ምልክት፦ አግዙኝ ሲባል እጃችሁን ለሰላምታ ትዘረጋላችሁ

የጨርቅ ጥቅል ለማንሳት የሚታገል ሰው «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ካለ፣ ያዙልኝ ማለቱ ነው። ሰላም በሉኝ ወይም እጅ ስጡ አላለም። በእኛ እጅ መስጠት መሸነፍ ስለሆነ ነው ግራ የሚያጋባው። «ጊቭ ኸር ኤ ቢግ ሃንድ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አጨብጭቡላት ማለት ነው። መድረክ ካለና ተመልካች ካለ «ቢግ» ባይኖርም ጭብጨባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጆሮ ብቻ አይበቃም፤ የቆማችሁበትንም ቦታ ማየት ነው።

ይህን የፈረንጅ ተንኮል ብላችሁ አትማረሩ። «እጅ ነሳ» እና «እጅ ሰጠ»ን ተመልከቱ። መንሳትና መስጠት ተቃራኒ ናቸው። እጅ የነሳ ግን አክብሮ ሰላምታ ያቀረበ ነው፤ እጅ የሰጠ ደግሞ የተሸነፈ። አማርኛ እየሰማ ላደገ ሰው ሁለቱ አይምታቱበትም፤ ሙሉውን ከነሁኔታው ነዋ የሰማው። የእንግሊዝኛውም መያዝ ያለበት እንዲሁ ነው። ደብተራችሁ ላይ «ጊቭ ኤ ሃንድ ማለት መርዳት» ብላችሁ አትጻፉ። «ጥቅሉ ከበደኝ፣ ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ብላችሁ ጻፉ። በኔ ግምት ከተሸመደደ መቶ ፈሊጥ እንዲህ የተያዘ አሥር ይሻላል።

ምልክት፦ አደራ ተቀብላችሁ ሌባ ትመስላላችሁ

ደሴ መናኸሪያ ውስጥ አንድ እንግዳ ቦርሳውን እንድትጠብቁለት ለመናችሁ። እናንተም ልታረጋጉት «አይ ሃቭ ማይ አይ ኦን ዩር ባግ» አላችሁት። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ቦርሳውን ታቅፎ ሊሄድ ይችላል። «ቦርሳህ ላይ ዓይኔን ጥያለሁ» ያላችሁት መስሎታል።

ማለት የነበረባችሁ «አይል ኪፕ አን አይ ኦን ኢት» ነው። ይህ እያየሁ እጠብቅልሃለሁ ነው። ሦስተኛም አለ። ገበያ ወጥታ ጥሩውን ጋቢ ገና ሳትነካው የምትለይ እናት «ሃዝ አን አይ ፎር» ይባልላታል፤ ዕቃ ታውቃለች ነው ነገሩ። ዓይኑ በሦስቱም አለ። ልዩነቱን የሚያመጡት ዙሪያው ያሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። «ኪፕ» ጥበቃ ነው። «ሃቭ» ብሎ «ማይ» ካስከተለ ብዙ ጊዜ ምኞት ነው። «ፎር» ካለ ችሎታ ነው። ስታጠኑ የምታሰምሩት እነዚህን እንጂ ዓይኑን አይደለም።

ምልክት፦ ብርዱን ስትናገሩ ፈርታችኋል ይሏችኋል

ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ደሴ እግር ያደነዝዛል። እናንተ «አይ ጎት ኮልድ ፊት» ትላላችሁ። ሰሚው ግን የሚረዳው ልትገቡበት ከነበረው ነገር መጨረሻ ላይ ልባችሁ እንደሸሸ ነው። በሠርግ ዋዜማ ከተባለማ ጉድ ነው! ስለ ብርዱ ለማውራት «ማይ ፊት አር ኮልድ» በሉ። ወይም ኮምቦልቻ ውረዱ፤ እዚያ ይህ ችግር የለም።

ሌላም ጣጣ አለ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ፊት» የእግሩ መሆኑ ይጠፋል። ቀዝቃዛ ፊት ይመስላል። ከዚያ ፊት መንሳት ጋር ይምታታል። ፊት ለመንሳት እንግሊዝኛው «ኮልድ ሾልደር» ነው፤ ሰውን አይቶ እንዳላየ መሆን፣ ማኩረፍ። ወሎ ውስጥ እንግዳን ፊት መንሳት ነውር ስለሆነ ቃሉ ብዙም አያስፈልጋችሁ ይሆናል። ፈተና ላይ ግን ይመጣል።

ምልክት፦ የተከለከላችሁትን የተፈቀደላችሁ ይመስላችኋል

ነገ ፈቃድ ጠይቃችሁ «ኢትስ አውት ኦፍ ዘ ክዌስሽን» ከተባላችሁ፣ ጠዋት ሥራ ግቡ። ጥያቄ የለውም ማለት አይደለም፤ የማይታሰብ ነው። የማያጠራጥር ለማለት «ቢዮንድ ክዌስሽን» ነው።

ምልክት፦ ጨረቃና ሰማያዊ ይደበላለቁባችኋል

«ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ከስንት ጊዜ አንዴ ማለት ነው። በአንድ የፈረንጅ ወር ውስጥ ሁለተኛ ሆና የምትመጣ ሙሉ ጨረቃ «ብሉ ሙን» ትባላለች፤ የምትመጣውም በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ገደማ ነው። «አውት ኦፍ ዘ ብሉ» ሳይታሰብ ድንገት ነው። «ኦቨር ዘ ሙን» የሆነ ሰው ጮቤ ረግጧል።

ይህን ሁሉ አጥንታችሁም ስትናገሩ ከተምታታባችሁ፣ ተዉት። ለሥራ ቃለ መጠይቅ «ሄልፕ» ከ«ጊቭ ኤ ሃንድ» አያንስም። ፈሊጥ ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለመስማት ነው። የሰማችሁት ካልገባችሁ ደግሞ ጠይቁ። «ዋት ዱ ዩ ሚን?» ብቻ ካላችሁ ግን እንደ ጠብ ሊያስመስል ይችላል። «ሶሪ፣ ዋት ዳዝ ዛት ሚን?» በሉ።